የጉልበት ልም አጥንት ጉዳት፦ በአርትሮስኮፒ ልሠራ ወይስ ልታገሥ? (ጥያቄውና እስካሁን የመጡት መልሶች)

ዘግይተው ለሚገቡ አንባብያን እንዲመች፣ ከሦስት ሳምንት በፊት በዚህ የውይይት መድረክ ያነሣሁትን ጥያቄና ከዚያ ወዲህ የተከተሉትን 25 መልሶች እንደ ቁጥራቸው ቅደም ተከተል በራሴ አነጋገር እተርካለሁ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ አንዳንዱ መልስ በአንድ መስመር የሚያልቅ፣ አንዳንዱ ደግሞ ሁለት ጊዜ ካልተነበበ የማይገባ ስለ ነበር፣ እንደ ክብደታቸው አሳጥሬያለሁ ወይም አስፍቻለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። ዕድሜዬ 44 ነው፤ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ የምኖረውም አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ እሑድ ጠዋት ከሠፈር ልጆች ጋር ኳስ ስንጫወት ቀኝ እግሬ መሬት ላይ እንደ ተተከለ ሰውነቴ ዞረና ጉልበቴ ውስጥ ቋ ያለ ነገር ተሰማኝ። በዚያ ቀን እያነከስኩም ቢሆን ቤቴ ገባሁ፤ በማግስቱ ግን ጉልበቴ ውሃ ቋጥሮ፣ የጉልበቴ ሎሚ እስከማይለይ ድረስ አብጦ አገኘሁት። ሕመሙ ከወር በላይ ሲቆይ ኤምአርአይ ተነሣሁ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መብራቱ ቀና አድርጎ አየና ልም አጥንቴ እንደ ተጎዳ፣ በሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች በሚገባ ካሜራና መሣሪያ፣ ማለትም በአርትሮስኮፒ እንደሚሠራ ነግሮኝ ቀጠሮ እንድይዝ አዘዘኝ። ከክፍሉ ስወጣ አምስት ደቂቃ አልሞላም ነበር። ስለዚህ መድረኩን ሦስት ነገር ጠየቅሁ፦ ልም አጥንት በራሱ ይድናል ወይ? ቀዶ ሕክምናው የተጎዳውን ይመልሳል ወይ? ከተሠራሁ በኋላስ ደረጃ ሳልወጣ ስንት ጊዜ እቆያለሁ?

በቁጥር 1 የመለሱልኝ አንድ አዛውንት ናቸው። ምሕረቱን ከተመኙልኝ በኋላ፣ በልጅነታቸው ከበቅሎ ወድቀው ጉልበታቸውን ያሻቸውን ወጌሻ አስታወሱና፣ ቢላዋ ከመንካቱ በፊት ለጋ ቅቤ ለብ አድርጌ እንዳስሽ መከሩኝ። ቁጥር 2 በተቃራኒው ቀዶ ሕክምናውን ደገፈች። ታናሽ ወንድሟ ጠዋት ገብቶ ማታ ወደ ቤቱ እንደ ተመለሰ፣ የቀሩበት ሁለት ጠባሳዎችም ከገብስ ፍሬ እንደማይበልጡ፣ በሦስተኛው ሳምንትም ሥራ እንደ ጀመረ ገልጻ፣ ምን እንደሚያስፈራኝ ጠየቀች። ወንድሟ ምኑን እንደ ተሠራ ግን አልጻፈችም፤ እኔም በጊዜው ይህ ጥያቄ መሆኑ አልታየኝም።

ውይይቱ የከረረው በቁጥር 3 ነው። ጸሐፊው ጨዋታውን በጥናት ጀመረ። በ2002 በአሜሪካ ሂዩስተን፣ በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል 180 ሕመምተኞች በዕጣ በሦስት ተከፍለው፣ አንዳንዶቹ ጉልበታቸው ውስጥ በአርትሮስኮፒ ሲጸዳላቸው፣ ሌሎቹ በውሃ ብቻ ሲታጠብላቸው፣ የቀሩት ደግሞ ቆዳቸው ብቻ ተበጥቶ መልሶ እንደ ተሰፋላቸው፣ ሕመምተኞቹም የየትኛው ቡድን እንደሆኑ ሳያውቁ ለሁለት ዓመት ሲጠየቁ በሦስቱ መካከል የሕመም ልዩነት እንዳልታየ አስረዳ። ከዚህም ተነሥቶ አርትሮስኮፒ የሐኪም ኪስ ማድለቢያ ነው እስከ ማለት ደረሰ። የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ባትኖር ኖሮ ምናልባት ክሩ፣ ማለትም የውይይቱ ሰንሰለት፣ እዚህ ባልደረሰ።

ቁጥር 4 በትሕትና አረመው። በሂዩስተን የተጠኑት ሰዎች ጉልበታቸው በዘመን ብዛት ያለቀባቸው፣ ማለትም አርትራይተስ የያዛቸው እንጂ ሜዳ ላይ ዞሮባቸው የተጎዱ እንዳልሆኑ፣ የአንዱን ውጤት ለሌላው መስጠት ያረጀ ጎማን ምስማር ከበሳው አዲስ ጎማ ጋር አንድ ማድረግ እንደሆነ ጻፈ። ቁጥር 5 ላይ የቁጥር 3 ጸሐፊ ተመልሶ መጣና በ2013 ፊንላንድ ውስጥ በ146 ሰዎች ላይ የተደረገውን ጥናት አቀረበ። እነዚህ ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 65 የሆነ፣ አርትራይተስ የሌለባቸው፣ የውስጠኛው ሜኒስከሳቸው፣ ማለትም በጉልበት አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል ልም አጥንት፣ የተቀደደ ሰዎች ነበሩ፤ ቅዳጁ በእርግጥ በተከረከመላቸውና የማስመሰያ ቀዶ ሕክምና ብቻ በተደረገላቸው መካከልም ከዓመት በኋላ ልዩነት አልተገኘም። የ44 ዓመት ሰው በዚህ ክልል ውስጥ እንደሚወድቅ ለመጠቆም ዕድሜዬን በደማቁ ጽፎታል። ደግነቱ ቁጥር 6 ላይ በጅማ የሚሠሩ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ገቡ። የፊንላንዱን ጥናት ማንሣቱ ተገቢ መሆኑን መስክረው፣ ነገር ግን ጉዳታቸው ግልጽ በሆነ አደጋ የጀመረ ሰዎች ከጥናቱ መጀመሪያውኑ እንዲወጡ መደረጋቸውን አከሉ። በ2017 አንድ ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን በእርጅና ለተጎዳ ጉልበት አርትሮስኮፒ እንዳይደረግ አጥብቆ ሲመክርም፣ በከባድ አደጋ ወዲያው ያበጠ ጉልበትን ከምክሩ ውጭ ማድረጉን አስታወሱ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው ጉልበቴ ያበጠው በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ደግሞም ሙሉ በሙሉ መዘርጋት ይችል እንደሆነ ጠየቁ።

እውነቱን ለመናገር ሐኪሙ ይህን አልጠየቀኝም ነበር። በቁጥር 7 እብጠቱ በማግስቱ እንደ መጣ፣ ጉልበቴ እንደሚዘረጋ፣ አልፎ አልፎ ግን ደረጃ ስወርድ ያዝ አድርጎ እንደሚለቀኝ መለስኩ። ባለሙያው ቁጥር 8 ላይ እንዳስረዱት፣ በአንድና ሁለት ሰዓት ውስጥ ድንገት የሚያብጥ ጉልበት ብዙውን ጊዜ ደም የቋጠረ ነው፤ የመሐል ጅማት መበጠስ ወይም የአጥንት ስብራት ይጠረጠራል። አድሮ የሚያብጠው ግን ይበልጥ የሜኒስከስ ጠባይ ነው። ጨርሶ የማይዘረጋ፣ የተቆለፈ ጉልበት ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ለውይይት የሚቀርብ እንዳልነበረም ነገሩኝ፤ የተቀደደው ቁራጭ በመገጣጠሚያው መካከል ገብቶ ሲቀረቀር ሳይዘገይ በአርትሮስኮፒ ማውጣት ወይም መስፋት ግድ ነው።

ቁጥር 9 የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ናት፤ በዚህ ክር ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት የእሷን መልስ ነው። ሕመምተኛው አብዛኛውን ጊዜ ከወገቡ በታች ብቻ ደንዝዞ እንደሚተኛ፣ ጭኑ ላይ ደም የሚያግድ ቀበቶ እንደሚነፋ፣ ከዚያም ከጉልበት ሎሚ በታች በግራና በቀኝ እያንዳንዳቸው አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞሉ ሁለት ቀዳዳዎች እንደሚበጁ ጻፈች። በአንደኛው 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ጫፉ ሰያፍ የሆነ የካሜራ ዘንግ ይገባል፤ በሌላኛው መሣሪያው። ጉልበቱ ውስጥ ያለማቋረጥ ጨዋማ ውሃ ስለሚፈስ ሁሉም ነገር በስክሪኑ ላይ የሚታየው በውሃ ውስጥ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ ምንም አይቆርጥም፤ ጫፉ በታጠፈች ትንሽ ሜንጦ ልም አጥንቱን እየነካካ ይመረምራል። ደኅናው ነጭና አንጸባራቂ ሆኖ ሲነካ መልሶ ይገፋል፤ የተጎዳው ግን እንደ ባዘቶ ተበታትኖ በውሃው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። አንዳንድ ሕመምተኞች ነቅተው የራሳቸውን ጉልበት በስክሪን እያዩ ከሐኪሙ ጋር ሲጨዋወቱ ማየት ለእሷ እንግዳ አይደለም። መልሷን የዘጋችው ቁጥር 3ን ገሥጻ ነው፦ ሌሊቱን ቆሞ የሚያድር ሰው ኪስ አድላቢ ተብሎ እንዲሰደብ እንደማትፈቅድ አስታውቃለች።

ቁጥር 10 እና 11 በዚሁ ተያያዙ። አንደኛው የቁጥር 3ን ወገን ይዞ፣ ውጭ አገር ለሕክምና ሄዶ ቤቱን ሸጦ የተመለሰ ዘመዱን ጠቀሰ፤ ሌላው ደግሞ ይህን ሁሉ የፈለሰፉት አሜሪካኖች ስለሆኑ ከእነሱ በላይ ማን ሊያውቅ ይችላል የሚል ክርክር አመጣ። ይህ ሁለተኛው ስሕተት ስለ ነበር ቁጥር 12 ቀልጠፍ ብሎ መለሰለት። በ1918 ቶኪዮ ውስጥ ኬንጂ ታካጊ የፊኛ መመልከቻ መሣሪያ ወስዶ የአስከሬን ጉልበት ውስጥ እንዳየ፣ ተማሪው ማሳኪ ዋታናቤ መሣሪያውን አሻሽሎ በ1962 የመጀመሪያውን የሜኒስከስ ቅዳጅ በአርትሮስኮፒ እንደ ከረከመ፣ የካናዳው ሮበርት ጃክሰን ደግሞ በ1964 ቶኪዮ ሄዶ ከዋታናቤ ተምሮ ጥበቡን ወደ ሰሜን አሜሪካ እንዳደረሰ ተረከ። ከጉዳዬ ጋር የሚያያዘው በጥቂቱ ቢሆንም ደስ ብሎኝ አንብቤዋለሁ።

ክሩን የለወጠው ቁጥር 13 ነው። ጸሐፊዋ በአጥንት ሕክምና ስፔሻላይዜሽን ላይ ያሉ ሐኪም ናቸው፤ እስካሁን የተከራከሩት ሁሉ ስለ አንድ ነገር የሚያወሩ እንዳልመሰላቸው በቀዝቃዛ አነጋገር ጀመሩ። በአማርኛ ልም አጥንት ስንል በጉልበት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እየጠራን ነው። አንደኛው የጭን አጥንትን ጫፍ፣ የቅልጥም አጥንትን ራስና የሎሚውን ጀርባ የሚለብሰው፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንሸራታች ሽፋን ነው፤ ሁለተኛው በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደ ጨረቃ ቅርጽ የተነጠፉት ሁለት ትራሶች፣ ሜኒስከስ የሚባሉት ናቸው። ሽፋኑ የደም ሥርም ነርቭም የለውም፤ ስለዚህ ሲቆስል እንደ ቆዳ አይሽርም። የስኮትላንዱ ተወላጅ ሐኪም ዊልያም ሃንተር በ1743 የቆሰለ ልም አጥንት አንዴ ከጠፋ እንደማይመለስ ጽፎ ነበር። ሜኒስከስ ግን በውጭው ጠርዙ ደም ስለሚደርሰው እዚያ ላይ የተቀደደ እንደሆነ ተሰፍቶ ሊያያዝ ይችላል፤ ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ሲጠጋ ደም ስለሌለ የሚቻለው ብዙውን ጊዜ መከርከም ብቻ ነው። የቁጥር 2 ወንድም በሦስት ሳምንት ሥራ መግባቱ ሜኒስከሱ እንደ ተከረከመለት እንደሚያመለክት፣ ተሰፍቶለት ወይም ሽፋኑ ተሠርቶለት ቢሆን ግን ለሳምንታት በክራንች ይሄድ እንደ ነበርም ጠቆሙ። ከዚህ በኋላ የኤምአርአዩ ወረቀት ላይ የተጻፈውን እንዳለ እንዳቀርብ ጠየቁኝ።

ወረቀቱ ለአንድ ወር ያህል በቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አንብቤው አላውቅም። ልጆችን የቀመሩን መነሻ ሳታዩ መልሱን አትቅዱ እያልኩ የምቆጣ ሰው ይህን ማድረጌ አሳፍሮኛል። በቁጥር 14 ያቀረብኩት ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ የውስጠኛው ሜኒስከስ ወደ ውስጠኛው ጠርዙ ተጠግቶ ትንሽ ቅዳጅ አለው፤ በጭኑ አጥንት ጫፍ ላይ ደግሞ ስፋቱ አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚሆን የሽፋኑ ክፍል እስከ አጥንቱ ድረስ ተልጧል፤ ጅማቶቹ ደኅና ናቸው። በሌላ አነጋገር ሁለቱም ልም አጥንቶች ተጎድተዋል። እስከዚያ ድረስ ትክክል ነኝ ሲል የነበረው ሁሉ በከፊል ትክክል ሆኖ ተገኘ።

ቁጥር 15 የእኒሁ ሐኪም ተከታይ መልስ ነው። የተላጠው ሽፋን እንደ ስፋቱ መጠን የተለያየ አሠራር እንዳለው ገለጹ። አነስተኛ ለሆነው፣ አሜሪካዊው ሐኪም ሪቻርድ ስቴድማን በ1980ዎቹ ያስፋፉት ማይክሮፍራክቸር የሚባል ዘዴ አለ፤ በአርትሮስኮፒ ተገብቶ የላላው ጠርዝ ተጠርጎ ከተስተካከለ በኋላ፣ በተራቆተው አጥንት ላይ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር እየተራራቁ በወስፌ መሰል ሹል መሣሪያ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይበጃሉ። ከመቅኔው የሚወጣው ደም እዚያው ረግቶ ከጊዜ በኋላ ወደ ጠባሳ መሰል ልም አጥንት ይለወጣል። እንደ ፊተኛው ያለ ሽፋን አይደለም፤ ይበልጥ ሻካራ ነው፤ ከዓመታት በኋላም ሊያልቅ ይችላል። በሌላ ዘዴ ደግሞ ብዙ ክብደት ከማይሸከመው የጉልበቱ ክፍል አጥንትና ሽፋን ያላቸው ክብ እንክብሎች ተነቅለው በተላጠው ቦታ ይተከላሉ፤ የሃንጋሪው ላስሎ ሃንጎዲ ይህን በማስፋፋት ይታወቃሉ። ሁለተኛው ጥያቄዬ መልስ ያገኘው እዚህ ነው፦ ይጠግናል እንጂ የነበረውን አይመልስም። ሦስተኛውም አብሮ ተመለሰ፤ ማይክሮፍራክቸር የተደረገለት ሰው በጉልበቱ ላይ ሙሉ ክብደቱን ሳያሳርፍ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በክራንች ይሄዳል። አራተኛ ፎቅ!

ከ16 እስከ 18 ያሉት መልሶች ወደ ቅርጫት ኳስ ሄዱ። አንዱ ማይክሮፍራክቸር ተስፋ እንዳለው ለማሳየት አሜሪካዊውን ተጫዋች አማሬ ስታውደማየርን ጠራ፤ በጥቅምት 2005 ተሠርቶ የዚያን ዓመት ውድድር ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ካጣ በኋላ በቀጣዩ ዓመት 82ቱንም ጨዋታ ተጫውቷል። ሌላው በ2007 በአሜሪካ ሊግ የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ በአንደኛነት ተመርጦ ገና ሳይጫወት ቀኝ ጉልበቱን የተሠራውን ግሬግ ኦደንን አቀረበ፤ እሱ በ2010 ግራውንም ተሠርቶ እንደ ተጠበቀው ሳይሆን ቀርቷል። ከእስራኤል የጻፈ አንድ ወገናችን ስታውደማየር ኢየሩሳሌም ሲጫወት በዓይኑ እንዳየው አስገብቶ ነበርና ጨዋታው ስለ ዜግነት ወደ መከራከር ሲያመራ አስተባባሪው አስቆመው። ለእኔ የሚጠቅመው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያን ያህል ጥበቃ ያላቸው ሁለት ወጣቶች በአንድ ዓይነት አሠራር ይህን ያህል ከተለያዩ፣ ማንም ሐኪም ዋስትና ሊሰጠኝ አይችልም።

ቁጥር 19 ከስዊድን፣ ከጎተንበርግ የጻፉ እናት ናቸው። በሚኖሩበት ከተማ በ1987 የሰው የራሱ የልም አጥንት ሕዋስ ተወስዶ፣ በቤተ ሙከራ ተራብቶ፣ በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ወደ ጉልበቱ የተመለሰበት ሕክምና እንደ ተጀመረና በ1994 የ23 ሕመምተኞች ውጤት እንደ ታተመ አስታወሱ። ከሜሪላንድ የመለሰው ቁጥር 20፣ አሜሪካ ውስጥ ይህ ሕክምና በ1997 እንደ ተፈቀደ፣ ሕዋሱ በስስ ሽፋን ላይ ተዘርቶ የሚለጠፍበት አሠራር በ2016 እንደ ተከተለ፣ በአርትሮስኮፒ የሚገባው ደግሞ የተፈቀደው በ2024 እንደሆነ ጨምሮ፣ ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው ዋጋው የማይታሰብ መሆኑን አልደበቀም። ሐኪሟ በአንድ መስመር፣ እንደ እኔ ላለ ትንሽ ጉዳት ያን ያህል መሄድ እንደማያስፈልግ ጻፉ፤ ያ መስመር ቁጥር 21 ሆኖ ተቆጥሯል።

ቁጥር 22 የግሉኮሳሚን ክኒን ሻጭ ነበር። ስልኩን አስቀምጦ ልም አጥንት በሦስት ወር እንደሚበቅል ቃል ስለ ገባ፣ ነርሷና የቁጥር 3 ጸሐፊ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ወገን ተሰልፈው ወረዱበት። የቁጥር 3 ጸሐፊ በ2006 ከ1,500 በሚበልጡ ሰዎች ላይ የተደረገ የአሜሪካ ጥናት ክኒኑ በጥቅሉ ከባዶ ክኒን እንዳልተሻለ አሳይቷል ብሎ አሳፈረው፤ ሻጩም መልሱን አጥፍቶ ወጣ። ሁለቱ ከዚያ በኋላ በአንቱታ መነጋገር ጀምረዋል።

ቁጥር 23 ላይ አንዲት እናት እኔ ያላሰብኩትን ጠየቁ፦ በዚህ የተሠራ ሰው ለሑዳዴ መስገድ ይችላል ወይ? አንድ ሙስሊም ወንድም ደግሞ አባቱ ከጉልበት ሕክምና ወዲህ ሶላታቸውን ወንበር ላይ ተቀምጠው እንደሚሰግዱ አጫወታቸው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ከልብ መለሱላቸው። ጉልበት ከ90 ዲግሪ በላይ ታጥፎ ክብደት ሲሸከም በሎሚው ጀርባና በሜኒስከሱ የኋላ ክፍል ላይ የሚያርፈው ጫና ከፍተኛ ስለሆነ፣ ስግደቱም፣ ቁጢጥ ብሎ መጸዳዳቱም፣ ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ መቀመጡም ለወራት መቆየት አለባቸው፤ መቼ እንደሚመለሱም የጭኑ ጡንቻ ጥንካሬ እየታየ ይወሰናል።

ቁጥር 24 አሳዛኝ ነበር። በወጣትነታቸው ኳስ ተጫዋች የነበሩ ሰው፣ በዚያን ዘመን ጉልበታቸው በሰፊው ተከፍቶ የውስጠኛው ሜኒስከሳቸው በሙሉ እንደ ወጣላቸው፣ በዓመቱ ወደ ሜዳ ተመልሰው ሐኪሙን እንደ መረቁት፣ ዛሬ ግን አጥንት ከአጥንት እየተፋጨ እግራቸው ወደ ውጭ እንደ ቀስት እንደ ጎበጠ ጻፉ። ሐኪሟ ይህ አደጋ ከ1948 ጀምሮ በሕክምና ጽሑፍ እንደሚታወቅና ዛሬ የሚከረከመው የተቀደደው ጠርዝ ብቻ የሆነው በዚሁ ምክንያት እንደሆነ በአክብሮት ነገሯቸው።

እኔም በዚህ ሁሉ ታጥቄ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ጉልበቴን በእጃቸው አጥፈው ዘርግተው፣ አዙረው፣ ወረቀቱን አንብበው፣ አለመቆለፉን ካዩ በኋላ ለሦስት ወር የጭን ጡንቻ ማጠናከሪያ እንድሠራ፣ መያያዙና ሕመሙ ካልቀረ ግን በአንድ ጊዜ ቅዳጁን ከርክመው ማይክሮፍራክቸሩን እንደሚያደርጉ ነገሩኝ። ይህን እዚህ ስጽፍ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው በ2013 የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ጠቀሱ፤ የተቀደደ ሜኒስከስና የአርትራይተስ ምልክት ካለባቸው 351 ሰዎች መካከል በእንቅስቃሴ ሕክምና የጀመሩት በስድስተኛው ወር ከተሠሩት ያነሰ ውጤት አላሳዩም፤ ከእነሱ ሠላሳ በመቶ ያህሉ ግን በመካከሉ ወደ ቀዶ ሕክምና ተሻግረዋል። እኔ ከየትኛው ወገን እንደምሆን ገና አልታወቀም።

ቁጥር 25 ትናንት ማታ የመጣ ነው። ነርሷ ደረጃውን እንዴት እንደምወጣ ጠይቃ፣ ስወጣ ደኅናውን እግር፣ ስወርድ የታመመውን እንዳስቀድም አዘዘችኝ። እስከ ዛሬ በተቃራኒው ስሠራው ነበር። እስከ ቤቴ በር 64 ደረጃ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ስወርድ ሦስተኛ ፎቅ መታጠፊያው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ያዝ አድርጎ ለቀቀኝ።